ለመቁረብ የሚያበቃ የዕለት ተዕለት ሥርዓት፦ በሥራና በቤተሰብ ለተያዙ ምእመናን

በዘመን መለወጫ ወይም በዐቢይ ጾም መግቢያ ብዙዎቻችን ትልቅ ውሳኔ እንወስናለን። ሰባቱንም የጸሎት ጊዜ እንጠብቃለን፣ ዳዊት በየቀኑ እንደግማለን፣ በየሳምንቱ እናስቀድሳለን እንላለን። ጥቂት ቀን ይዘልቃል። ከዚያ ሥራ ይበዛል፣ ልጅ ይታመማል፣ እንግዳ ይመጣል፤ ሥርዓቱም ሳይታወቅ ይቀራል። ምክንያቱ ስንፍና ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከስንፍና ይልቅ የመዳረሻ አለመኖር ይመስለኛል። ጸሎቱ ለብቻው፣ ጾሙ ለብቻው፣ ምጽዋቱም ለብቻው ይሄዳል፤ ሁሉንም አንድ አድርጎ የሚስብ ነገር የለም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህ መዳረሻ የታወቀ ነው፤ ቅዱስ ቁርባን ነው። ወንዶች በ40፣ ሴቶች በ80 ቀናችን ስንጠመቅ በዚያው ዕለት ሥጋውንና ደሙን ተቀብለናል። በሕፃንነታችን እናቶቻችን አዝለውን ይወስዱን ነበር። ከዚያ በጉርምስና እናቆማለን፤ ብዙዎቻችንም የምንመለሰው ፀጉራችን ከሸበተ በኋላ ነው። ፈተናው የሚበዛበት፣ ትዳር የሚያዝበትና ልጅ የሚያድግበት መካከለኛው ዘመን ያለ ቁርባን ያልፋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ጌታ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ የዘላለም ሕይወት አለው» ሲል ለሽማግሌዎች ብቻ አልተናገረም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚቆጥረው ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው። መጀመሪያ የምትቆርቡበትን ቀን ታስባላችሁ፤ ቀሪው ሥርዓት ከዚያ ይወጣል።

መጀመሪያ፦ ቀኑን አስቡና እንቅፋቱን ጻፉ

ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ በዓል ወይም ሰንበት ምረጡ። ፍልሰታ፣ ትንሣኤ፣ ልደት ወይም የደብራችሁ ዓመታዊ በዓል ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡና «ዛሬ እንዳልቆርብ የሚከለክለኝ ምንድን ነው?» ብላችሁ በቅንነት ጻፉ። መልሱ ለብዙ ሰው ከሚከተሉት አንዱ ነው፦ ያልተናዘዙት ኃጢአት፣ የተጣሉት ሰው፣ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያልተባረከ ጋብቻ፣ ያልተመለሰ የሰው ገንዘብ፣ ወይም ደግሞ «ገና ወጣት ነኝ፣ ብቆርብ አልችለውም» የሚል ፍርሃት።

የጋብቻው ጉዳይ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። በማዘጋጃ ቤት ወይም በሽማግሌ ተጋብተው ልጆች ያፈሩ ባልና ሚስት «ለእኛ አልፎብናል» ብለው ይቀመጣሉ። አላለፈባቸውም። በንስሐ ተመልሰው አብረው በመቁረብ ጋብቻቸውን የሚያጸኑበት መንገድ አለ። ሁለቱም ፈቃደኛ መሆን አለባቸው፤ ዝርዝሩን የሚወስነው የንስሐ አባት ነው።

ሁለተኛ፦ የንስሐ አባት ያዙ፣ ካላችሁም ቅረቧቸው

በዚህ መመሪያ ውስጥ ሊዘለል የማይችል ደረጃ ይህ ነው። ብዙ ቤተሰብ የንስሐ አባት አለው፤ ነገር ግን ግንኙነቱ በዓመት አንድ ጊዜ ጠበል ለመርጨት፣ በሐዘን ጊዜ ደግሞ ፍትሐት ለማድረስ ይሆናል። ነፍሳችንን የሚመክሩ አባት በእንግድነት ብቻ ሲመጡ ማየት የለብንም። ደውሉላቸው፤ በደጀ ሰላሙ ወይም በቤታቸው ለመገናኘት ቀጠሮ ያዙ። የንስሐ አባት የሌላችሁ በአጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪውን ወይም የሰንበት ትምህርት ቤቱን ኃላፊዎች ጠይቁ። ሲመርጡ ዝናን መከተል አይጠቅምም። ደጋግማችሁ ልታገኟቸው የምትችሉት፣ ጊዜ የሚሰጧችሁና የምትናገሩትን የሚሰሙ ካህን ይሻላሉ።

ስትገናኙ እንዲህ ብላችሁ መጀመር ትችላላችሁ፦ «አባ፣ ለመቁረብ መዘጋጀት እፈልጋለሁ። ሥራዬ እንዲህ ነው፣ ቤተሰቤ እንዲህ ነው፣ ጤናዬ እንዲህ ነው። ምን ልጀምር?» የሥራ ሰዓታችሁን፣ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ እርሱን፣ ከዚህ በፊት ሞክራችሁ ያቋረጣችሁትን አትደብቁ። ካህኑ የሚሰጧችሁ ሥርዓት ከኑሯችሁ ጋር የሚሄደው ኑሯችሁን ካወቁት ብቻ ነው። ኑዛዜውንም አታድበስብሱ። «ብዙ ኃጢአት አለብኝ» ማለት ኑዛዜ አይደለም፤ የተደረገው ነገር በስሙ መጠራት አለበት። ቀኖና ሲሰጣችሁ፣ ስግደት ይሁን ጾም፣ ጸሎት ይሁን ምጽዋት፣ ጻፉትና የምትጨርሱበትን ቀን ጠይቁ። ከበዳችሁ ተመልሳችሁ ተናገሩ እንጂ ዝም ብላችሁ አትተዉት፤ አባት ማቅለልም ይችላሉ።

ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር፣ ለምሳሌ በሳዑዲ ዓረቢያ በሰው ቤት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ እኅቶች፣ ምክሩን በስልክ መቀበል ትችላላችሁ። ኑዛዜውና ቁርባኑ እንዴትና መቼ እንደሚሆን የንስሐ አባታችሁ ይወስኑ። እስከዚያው ጸሎቱንና ጾሙን ይዞ መቆየት ከመንገዱ መውጣት አይደለም።

ሦስተኛ፦ ጸሎት

ቤተ ክርስቲያን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት። መሠረቱ የዳዊት መዝሙር 118 ቁጥር 164 ነው፤ «በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ» ይላል። ነግህ (ንጋት)፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓት፣ 9 ሰዓት፣ ሠርክ 11 ሰዓት፣ የመኝታ ጊዜና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። እያንዳንዱ የሚታሰብበት ነገር አለው። በ3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ ወርዷል፤ በ6 ሰዓት ጌታ በመስቀል ላይ ነበር፤ በ9 ሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ ሰጥቷል። ጴጥሮስ በ6 ሰዓት ሰገነት ላይ ወጥቶ ሲጸልይ፣ ቆርኔሌዎስ በ9 ሰዓት ሲጸልይ፣ ጳውሎስና ሲላስ በመንፈቀ ሌሊት በወኅኒ ቤት ሲያመሰግኑ የምናነበው በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ነው። በውጭ አገር የምትኖሩ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዓት ከኢትዮጵያው አቆጣጠር ጋር ስለሚገጥም ጠዋት 3 ሰዓት በእጅ ሰዓታችሁ 9 ነው፣ ቀትር 12 ነው፣ 9 ሰዓት ደግሞ ከቀትር በኋላ 3 ነው።

ሰባቱን በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። የምመክረው ሁለቱን፣ ነግህንና የመኝታ ጊዜን፣ ያለ ምንም ማወላወል መያዝ ነው። ለእያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። በቤታችሁ አንድ ጥግ ለይታችሁ ወደ ምሥራቅ ቁሙ፤ ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። አማትባችሁ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» በሉ፤ ጸሎተ ሃይማኖት፣ አቡነ ዘበሰማያትና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ይከተላሉ። ማታ ላይ መዝሙር 50ን ጨምሩበት፤ የንስሐ መዝሙር ስለሆነ ለመቁረብ ለሚዘጋጅ ሰው እንደ እርሱ የሚስማማ የለም። ከዚያ በራሳችሁ ቃል ስለ ቀኑ ተናገሩ፦ ያመሰገናችሁበትን፣ የበደላችሁትን፣ የምትማልዱላቸውን ሰዎች ስም።

ይህ ሲጸናላችሁ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ ከዚያም ዳዊትን አስገቡ። አባቶች 150ውን መዝሙር አሥር አሥር አድርገው በ15 «ንጉሥ» ከፍለውታል። ሰኞ ሦስት ንጉሥ፣ ማክሰኞ ሦስት፣ ረቡዕ ሁለት፣ ሐሙስ ሦስት፣ ዓርብ ሁለት፣ ቅዳሜ ሁለት ይደገማል፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። ለጀማሪ ይህ ይበዛል። አንድ መዝሙር በማስተዋል ማንበብ ሦስት ንጉሥ በችኮላ ከመጨረስ ይሻላል የሚል አቋም አለኝ። በግእዝ መድገም የሚችል በግእዝ ይድገም፤ የማይችል በአማርኛ ያንብብ እንጂ ባልገባው ቃል ራሱን አያድክም።

በሥራ ቦታ የ3፣ የ6ና የ9 ሰዓት ጸሎት እንዴት ይሆናል? በልብ። ጫማ ማውለቅ፣ መስገድ፣ ሰው እንዲያይ መቆም አያስፈልግም። የደወል ድምፅ የሌለው ማስታወሻ በስልካችሁ ላይ አድርጉና፣ ሲደርስ እጃችሁ ሥራ ላይ እንዳለ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በሉ። ሾፌር በመብራት ላይ ቆሞ፣ ነርስ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ስትሄድ፣ ገንዘብ ያዥ ደንበኛ እስኪመጣ ሊያደርገው ይችላል። የሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ ደግሞ ነግህን በሰዓት ሳይሆን ከእንቅልፍ በመነሣት ቁጠሩት፤ የተነሣችሁበት ጊዜ ነግሃችሁ ነው። ይህንንም ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ።

አራተኛ፦ ጾምን ከሆድ ወደ እጅ አድርሱት

ሰባቱን የአዋጅ አጽዋማት ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ጾመ ፍልሰታ 15 ቀን፣ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ነነዌ 3 ቀን፣ ጾመ ገሃድ፣ ረቡዕና ዓርብ። እዚህ ላይ የምለው ስለ ቁጥሩ አይደለም። በከተማችን የጾም ኬክ፣ የጾም ማኪያቶ፣ የጾም ቺዝ ተዘርግቶ ይታያል፤ የጾም በያይነቱም ከፍስኩ ምግብ ዋጋው ሊበልጥ ይችላል። ሥጋና ቅቤ ተትቶ ሆድ ያው ከሞላ፣ ገንዘቡም ያው ከወጣ፣ የተለወጠው ወጡ ብቻ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲናገር ለተራበ እንጀራ መቁረስን፣ የተራቆተውን ማልበስን፣ የተገፋውን ነጻ ማውጣትን ያነሣል።

ከረቡዕና ዓርብ ጀምሩ፤ ከበዓለ ሃምሳ (ከትንሣኤ በኋላ ካሉት 50 ቀናት) በስተቀር ዓመቱን ሙሉ ስላሉ ሥርዓትን ለማጽናት እንደ እነርሱ የሚመች የለም። እስከ 9 ሰዓት መቆየት ሥርዓቱ ነው። መጀመሪያ ላይ የማይቻል ከሆነ በንስሐ አባት ፈቃድ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ቀስ በቀስ ማራዘም ይቻላል። ስትፈቱ ቀላል ነገር ብሉ፤ ሽሮም ጎመንም በቂ ነው። አሁን ወሳኙ ነገር ይመጣል። ያልበላችሁትን ቁርስና ምሳ ዋጋ በዚያው ቀን ለዩት፤ በፖስታ ወይም በተለየ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት። በወሩ መጨረሻ ለማን እንደምትሰጡ አስቀድማችሁ ስሙን ጻፉ፦ ጎረቤት ያሉት አሮጊት፣ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ቤት ኪራይ የጨነቀው ተማሪ፣ ልጅ አዝላ በር ላይ የምትቀመጥ እናት። ስም የሌለው ምጽዋት ከነገ ወደ ነገ ይራዘማል።

አስራትም እንዲሁ ነው። 12,000 ብር የሚከፈለው ሰው 1,200 ብር የሚለየው ደመወዙ በገባበት ቀን እንጂ ወሩ ሲያልቅ በቀረው ላይ አይደለም። በባንክ ወይም በቴሌብር ማስተላለፍ የለመደ ሰው በዚያው ሰዓት ይጨርሰው።

የስኳር ሕመም፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶች፣ ሐኪማችሁ የሚለውን ይዛችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። ቤተ ክርስቲያን ለደካማ ትራራለች። ከምግብ መከልከል ያልቻለ ሰው ከሐሜት፣ ከቁጣና ከስልክ ላይ ጭቅጭቅ መከልከል ይችላል፤ ለጤነኛውም ይህ ክፍል አይቀርለትም።

አምስተኛ፦ ቅዳሴን ከቤት ጀምሩት

ቅዳሴ ረጅም ነው፣ አይገባኝም የሚል ወጣት ብዙ ነው። መፍትሔው ግጻዌ ነው። ግጻዌ በየዕለቱ የሚነበበውን የጳውሎስ መልእክት፣ የሌሎችን ሐዋርያት መልእክት፣ የሐዋርያት ሥራ፣ ምስባክ (ከወንጌል በፊት የሚዜም የዳዊት መዝሙር ጥቅስ) እና ወንጌል ያሳያል። ዓርብ ወይም ቅዳሜ ማታ የእሑዱን ንባብ በቤታችሁ በአማርኛ አንብቡት፤ ልጆች ካሏችሁ አብራችሁ። እሑድ ዲያቆኑ ሲያነብ ለጆሯችሁ አዲስ አይሆንም። የቅዳሴ መጽሐፍ ግእዙና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመበት ስላለ ይዛችሁ ተከታተሉ፤ የሕዝቡን ተሰጥዎ (በቅዳሴው ሕዝቡ የሚመልሰውን) አንድ አንድ እያላችሁ አጥኑ። ዳር ሆኖ ከመመልከት ወደ መሳተፍ የሚያሸጋግረው ይህ ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ እሑድ የምትሠሩ፣ በወር ቢያንስ አንዱን እሑድ ለማስለቀቅ ከአለቃችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ለሠርግ ፈረቃ የሚለዋወጥ ሰው ለቅዳሴም መለዋወጥ አያቅተውም።

ስድስተኛ፦ ሥራችሁን አገልግሎት አድርጉት

የዐቢይ ጾም ስድስተኛው ሰንበት ገብር ኄር ይባላል፤ የሚነበበው ማቴዎስ 25 ላይ ያለው የመክሊት ምሳሌ ነው። አንድ መክሊት የተቀበለው ሰው አልሰረቀም፣ አላባከነም። የተፈረደበት ስለ ቀበረው ነው። «እኔ ማንንም አልበድልም፣ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ» ብሎ የሚኖር ሰው ይህን ወንጌል ደግሞ ያንብበው።

ተሰጥኦአችሁን ለማወቅ ራእይ መጠበቅ አያስፈልግም። በየቀኑ የምትሠሩትን ሥራ ተመልከቱ። የሒሳብ ባለሙያ የአጥቢያውን መዝገብ በማስተካከል፣ መምህር በሰንበት ትምህርት ቤት የተቸገሩ ልጆችን በማስጠናት፣ ሐኪም በጽዋ ማኅበሩ ያሉ አረጋውያንን የደም ግፊት በመለካት ሊያገለግል ይችላል። በወር አንድ ቀን፣ ለአንድ አገልግሎት፣ ለአንድ ዓመት ቃል ግቡ። አምስት ማኅበር ገብቶ በየትኛውም አለመገኘት ከንቱ ድካም ነው። ዋናው ሥራችሁም ራሱ ይመርመር። ጉቦ የሚቀበል፣ ሚዛን የሚያጎድል፣ የሠራተኛ ደመወዝ የሚያዘገይ ሰው ለቁርባን የሚዘጋጀው እርሱን በመተው ነው። ዘኬዎስ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። የሰው ገንዘብ እጃችሁ ላይ ካለ የመመለሻ ቀን ቁረጡ፤ በአንድ ጊዜ ካልሆነ በክፍያ።

ሲቋረጥ ምን ይደረግ?

ይቋረጣል። ይህን አስቀድማችሁ እወቁት። ያለፈውን ጸሎት እንደ ዕዳ አትደምሩ፤ የሦስት ቀን ዳዊት በአንድ ሌሊት ለመጨረስ የሚሞክር ሰው በአራተኛው ቀን ሁሉንም ይተዋል። የዛሬውን ብቻ ያዙ። ሥርዓቱ በወር ውስጥ ደጋግሞ ከተቋረጠ ለአቅማችሁ በዝቷል ማለት ነው፤ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀንሱት። በኃጢአት ከወደቃችሁ ደግሞ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ሂዱ። ያልተነገረ ኃጢአት ሲቆይ እፍረቱ ይበዛል፣ እግርም ይከብዳል።

የቁርባኑ ሳምንት

በሳምንቱ መጀመሪያ የቀረ ነገር ካለ ተናዝዛችሁ ጨርሱ፤ ካህኑ እንድትቆርቡ መፍቀዳቸውን አረጋግጡ። ባለትዳሮች የምትታቀቡባቸውን ቀናት፣ ሴቶች ደግሞ የወር አበባ ጊዜን በተመለከተ ቀኑን ከእርሳቸው ጋር ወስኑ።

ረቡዕ ወይም ሐሙስ ከተጣላችሁት ሰው ጋር ታረቁ። ማቴዎስ 5 ቁጥር 23 እና 24 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። ራሳችሁ መሄድ ከከበዳችሁ ሽማግሌ ላኩ። ሌላው ወገን እምቢ ካለ፣ የላካችሁትን ሽማግሌና የተሰጣችሁን መልስ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። በቅዳሴው መካከል ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል አንገታችንን የምንደፋው በዚህ ሳምንት ያልሠራነውን ሥራ ስለሚያስታውሰን ነው።

ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት ይጾማል፤ ውኃም አይቀመስም። እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ የምትቆርቡ ከሆነ የመጨረሻው ምግብና ውኃ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት። ስለዚህ የቅዳሜ ምሳ ዘግየት ይበል፣ ጨው ያልበዛበት ይሁን፤ በቂ ውኃም ጠጡ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ከሳምንታት በፊት ይጨርስ። ልብስና ነጠላ ቅዳሜ ይዘጋጅ፣ ገላ ይታጠብ፣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። በጊዜ ተኙ።

ቅዳሴው ከመጀመሩ በፊት ድረሱ፤ አርፍዶ የመጣ ሰው አይቆርብም። ሥጋውንና ደሙን ከተቀበላችሁ በኋላ ጠበል ጠጡ፣ አፋችሁን በነጠላችሁ ሸፍኑ፣ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» እስኪል ከቤተ ክርስቲያን አትውጡ። የዚያን ቀን አይሰገድም፣ ገላ አይታጠብም፤ ከሩቅ ጉዞና ከጭቅጭቅ ተከልከሉ። ቤት ውስጥ ትንሽ ምግብ፣ ዕረፍት፣ ከቤተሰብ ጋር የተነበበውን ወንጌል መልሶ ማንበብ ይበቃል።

ከግቢው ከመውጣታችሁ በፊት ግን የንስሐ አባታችሁን ፈልጋችሁ ቀጣዩን ቀን ጠይቁ። አንድ ጊዜ ቆርቦ ለዓመታት መቅረት የተለመደ ነው፤ ቀጣዩ ቀን ያልተወሰነለት ሥርዓት በሁለተኛው ወር ይላላል። ቀኑን በቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ምልክት አድርጉበት፣ ሰኞ ነግህ ላይም ጸሎቱን ከነበረበት ቀጥሉ።